ፊልማችን አባቱ ማነው?

(ከይጁቤ፣ ምሥራቅ ጎጃም)

«የኢትዮጵያ ፊልም አድጓል፤ በየስልኩ ገብቷል፤ ሕዝብ እንደ ጉድ ያየዋል» የሚል ነጠላ ዜማ የሚያዜሙልን ሰዎች በዝተዋል። እስቲ እንጠይቃቸው። የትኛው ፊልም ነው የገባው? ማን ጻፈው? ማን አዘጋጀው? ካሜራውን የያዘው ማነው? ከዚያ ሁሉ ተመልካች ለሠሪው ስንት ብር ደረሰው? መልስ የለም! ቲክቶክ ላይ የሚሽከረከረው የአርባ ሰከንድ ቁራጭ ርዕስ የለው፣ ዓመተ ምሕረት የለው፣ የደራሲ ስም የለው። ከላዩ የማናውቀው ሰው አርማ ተለጥፎበታል፤ ከሥሩ «ሼር አድርጉ፣ ላይክ አድርጉ» የሚል ልመና ተጽፎበታል። ይህ ዕድገት ነው ከተባለማ፣ ሌባ የገለበጠው ጎተራም «እህሉ ለአገር ተዳረሰ» ሊባል ነው።

የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም ርዕሱ ጥያቄ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው፣ ኢላላ ኢብሳ ደርሶት ላምብሮስ ዮካሪስ የተባለ ግሪካዊ ያዘጋጀው ጥቁርና ነጭ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይባላል። እነሆ ስድሳ ዓመት አለፈና ጥያቄው ወደ ፊልሙ ራሱ ዞረ። የኢትዮጵያ ፊልም አባቱ ማነው? ሽልማት ሲመጣ ሁሉም አባት ነው። ሹሙ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ሚኒስቴሩ ደብዳቤ ያወጣል፣ ቴሌቪዥኑ «አገራችንን ያስጠራ» ይላል። ልጁ ሲታመም፣ ሲራብ፣ ሲዘረፍ ግን «ከኛ ቤት አይደለም» ይባላል። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንደተባለው፣ ፊልማችንም ማደሪያ ቤት አጥቶ የሰው ቋት እየሞላ ይዞራል።

ከሰይጣን ቤት እስከ ኮርፖሬሽን

«አዲስ ጥበብ ስለሆነ ነው፣ ቀስ እያለ ይስተካከላል» የሚሉ አሉ። ውሸት ነው! የሚንቀሳቀስ ሥዕል አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን ማሳያ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው። በግድግዳ ላይ የሚሮጥ ሰው ያየ ሌላ ምን ይበል? ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ሲኒማ ቤቶችን ከፈተ፤ ለኛ ብሎ ሳይሆን ለራሱ ሰውና ለፕሮፓጋንዳው። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ሲኒማው ቀጠለ። አዲስ አበባም ሲኒማ ኢትዮጵያን፣ ኢምፓየርን፣ አምባሳደርን፣ መርካቶ ደግሞ ሲኒማ ራስን እየያዘች የሕንዱንም የአሜሪካኑንም ፊልም ለመደች። ከሂሩት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀው «ጉማ» መጣ። የደም ካሣን ነገር ይዞ የመጣ ፊልም ነው። ዛሬ በየዓመቱ ቀይ ምንጣፍ እየተነጠፈ የሚሰጠው የጉማ ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው።

ደርግ መጣና ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰ። ደርግን የምናማበት ነገር ሞልቷል፤ ሳንሱሩ፣ መፈክሩ፣ «ለሰፊው ሕዝብ» እያለ ሰፊውን ሕዝብ አፉን መዝጋቱ። ዳሩ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያ መንግሥት የፊልም ማዕከል አቋቁሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽንን መሠረተ። የሰሎሞን በቀለ «አስቴር» እ.ኤ.አ. በ1992 ለሕዝብ የደረሰው ከዚሁ ቤት ነው። ኢሕአዴግስ ምን አደረገ? የነፃ ገበያ ዘመን ነው ብሎ ኮርፖሬሽኑን አፈረሰው። ደህና፣ ይፍረስ! ግን ምን ተተካ? ካሜራው የት ገባ? የተቀረጸው ፊልም በማን መጋዘን፣ በምን ሙቀት፣ በምን አቧራ ውስጥ ተቀመጠ? ቤት ሲፈርስ እንኳ ጎረቤት «ዕቃው የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ለፊልሙ የጠየቀለት የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ የሠራው መንግሥት አይደለም፤ ቤቱን አስይዞ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ በቪዲዮ ካሜራ የቀረጸው ግለሰብ ነው። እነ «ጉዲፈቻ»፣ እነ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»፣ እነ «የወንዶች ጉዳይ» ሕዝቡን በሲኒማ ቤት በር ላይ አሰለፉት። አንድም የበጀት ሳንቲም ያልወጣበት ዘርፍ በራሱ እግር ቆመ። እና መንግሥት ሊረዳው መጣ? የለም፤ ከራቀበት ቦታ ሆኖ ሲቀና ከረመ። የፊልም ፖሊሲ የሚባለው ወረቀት በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሂሩት በ1957፣ ፖሊሲው በ2010! ሃምሳ ሦስት ዓመት! ልጁ አርጅቶ የልጅ ልጅ ካየ በኋላ የክርስትና ስም ሊያወጡለት መጡ።

ቁራጭ ፊልም ንጉሥ ጥሏል

ቁራጭ ፊልምን እንደ ቀልድ የምታዩት ካላችሁ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ደርግ ይህን ፊልም አገኘው፣ ቆራረጠው፣ በረሃብተኛው ሬሳ መሐል የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ኬክ፣ ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲያበሉ የሚያሳየውን ሥዕል ሰካበት፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግሥቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። ልብ በሉ! የረሃቡ ሥዕል እውነት ነው፣ የግብዣውም ሥዕል እውነት ነው። መቀሱን የያዘው ግን ወታደር ነው። ሁለት እውነት ጎን ለጎን አስቀምጦ የፈለገውን ሦስተኛ ነገር ተናገረበት።

እንግዲህ የአገራችን መንግሥታት የቁራጭ ፊልምን ጉልበት ከማንም በላይ ያውቁታል። ስለሚያውቁትም ሁለት ነገር ያደርጋሉ። የራሳቸውን ቁራጭ ሌት ተቀን ይለቅቃሉ፤ የሌላውን መስመር ይዘጋሉ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ታገዱ፤ አምስት ወር ያህል ቆዩ። ተከፈቱ ስንል፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና የሞባይል ኢንተርኔት ከነጭራሹ ተቆረጠ። አዲስ አበባ ያለው ሰው ቡናውን እየጠጣ ክሊፕ ሲያይ፣ የጎጃም ሰው ልጁ በሕይወት መኖሩን የሚጠይቅበት መስመር አልነበረውም። ለወራት! «ዲጂታል ኢትዮጵያ» ማለት ይቺ ናት?

የይጁቤ ሲኒማ ኪስ ውስጥ ነው

ይጁቤን ለማያውቅ አንባቢ፣ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሳይወርድ። ጤፍና ስንዴ የሚዛቅባት አገር ናት። የዚህ አገር ልጅ ፊልም የሚያየው እንዴት ነው? አባቱ ደብረ ማርቆስ ለትምህርት ሲሄድ ቪዲዮ ቤት ገብቶ፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ፣ የሕንድ ፊልም አይቶ አልቅሷል። ልጁ ደግሞ ገበያ ቀን ስልክ ቤት ይሄድና ሚሞሪውን ያስሞላል። ባለ ስልክ ቤቱ «ምን ልጫንልህ? አማርኛ፣ ትርጉም፣ አክሽን?» ይለዋል። ዳታ ሲኖር ከቴሌግራም ያወርዳል፣ ዳታ ሲጠፋ በብሉቱዝ ይቀባበላል። መብራት ከሄደም ባትሪው እስኪያልቅ ያያል።

ይህንን ልጅ «ሌባ» ብዬ የምሰድብ እንዳይመስላችሁ። ምን አማራጭ ሰጣችሁት? በየወረዳው አዳራሽ ሲሠራ ለምንድን ነው የሚሠራው? ለስብሰባ! አርሶ አደሩ ከነደቦው ተጠርቶ ስለ ማዳበሪያ ዕዳ የሚገሠጽበት፣ ካድሬው የሚያጨበጭብበት አዳራሽ። ታዲያ በወር አንድ ማታ፣ አንድ ነጭ አቡጀዲ ሰቅሎ፣ የአገር ፊልም በተመጣጣኝ ዋጋ ቢያሳዩበት ጣሪያው ይወርዳል? ሕጋዊውን በር ግንብ ገንብታችሁ ዘግታችሁ፣ በመስኮት የገባውን ልጅ መክሰስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ወቀሳዬ ለሌላ ሰው ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ኮምፒውተር ይዞ፣ የሰው ፊልም በሃያ ቦታ እየበጣጠሰ፣ የሠሪውን ስም አጥፍቶ የራሱን የሚለጥፈው ነጋዴ አለ። በጎጃም «ዘረፈ» የሚባል ቃል ክብር የሚያገኝበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቅኔ ቤት። ተማሪው ቅኔ ዘረፈ ሲባል ከራሱ አንጎል አፈለቀ ማለት ነው። መምህሩ ሰምቶ ያርመዋል፣ ጓደኞቹ ይመሰክሩለታል፣ ቅኔው የማን እንደሆነ ይታወቃል። የፊልሙ ዘራፊ ግን ከማንም አንጎል ምንም አላፈለቀም፤ የሌላውን ላብ ነው የዘረፈው። ሕግ የለም እንዳይባል የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ኋላም ተሻሽሏል። የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤትም አለ። ሕጉ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፣ ሌባው አደባባይ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ፊልሙ ባለቤት እንደሌለው መንግሥት ራሱ ስላሳየ ነው ማንም ገብቶ የሚግጠው።

ፊልም ማስቆም አያውቁበትም ደግሞ አይባልም። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. «ድፍረት» የተባለው ፊልም፣ በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ይዞ አገሩ ገብቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ እንግዳው ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ታገደ። የክርክሩን ፍሬ ነገር ለዳኞቹ ልተወው፤ ታሪኬ ነው ያለ ሰው መብቱን መጠየቁም ነውር የለበትም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለማገድ በዕለቱ የሚደርሰው ክንድ፣ የተዘረፈውን ሲያስጥል ለምን ዓመት ይፈጅበታል?

ገበሬው መሳቂያ ሆነ

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ከረጅሙ ፊልም ተቆርጦ የሚወጣው የትኛው ቦታ ነው? የሚያስቀው! የሚያስቀው ደግሞ ማነው? ገጠሬው! ቁምጣ አልብሰው፣ ዱላ አስይዘው፣ አስፋልት ሲያቋርጥ ያስደነግጡታል፤ አሳንሰር ውስጥ አስገብተው ያስጮኹታል፤ የጎጃምን ወይም የጎንደርን ወይም የመንዝን አነጋገር አጣምመው ያስወሩታል። በሙሉው ፊልም ውስጥ ይኸው ገበሬ ምናልባት ልቡን የሚገልጽበት፣ ልጁን የሚቀብርበት ቦታ ነበረው። እሱ አይቆረጥም፤ አያስቅማ! ስለዚህ ገበሬ ማለት በስልክ ላይ የሚያድግ የከተማ ልጅ ዘንድ መሳቂያ ማለት ሆነ። ያ ልጅ ነገ ሐኪም ሆኖ፣ ዳኛ ሆኖ፣ ሹም ሆኖ ይጁቤ ሲመጣ፣ ፊቱ የሚቆመውን ሽማግሌ የሚያየው በዚያ ዓይን ነው። ገበሬው ሲሞት ዜና የማይሆነውም እኮ ሲኖር ቀልድ ስላደረጋችሁት ነው!

ገበሬያችን በክብር የተቀረጸበት ፊልም የለም እንዳትሉ። ኃይሌ ገሪማ በአብዮቱ ወቅት ከአሜሪካ መጥቶ፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ፣ ሙያተኛ ተዋናይ ባልሆኑ ሰዎች፣ በአማርኛ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። እዚያ ውስጥ ያለው ጭሰኛ ሲያርስ ካሜራው አይቸኩልም፤ ላቡን፣ ዝምታውን፣ የባለርስቱን ንቀት ሁሉ ያሳያል። መሬቱን የተነጠቀው የቀድሞ ዘማች፣ ሰው እብድ የሚለው፣ ከሁሉ በላይ ጤነኛ ሆኖ ይናገራል። ይህ የኛ ፊልም ሲያረጅ ማን አደሰው? አዲስ አበባ? ባሕር ዳር? የለም! እ.ኤ.አ. በ2006 የጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ የፊልም ቤት አደሰው። ወይ ጉድ! አያቱን የወጋ አገር የልጅ ልጁን ፊልም ከብስባሽ አዳነ፤ የኛዎቹ ግን ስሙንም አልሰሙ። እኚሁ ሰው ናቸው ኋላ በ«ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በማግሥቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ያገኙት። የይጁቤ ልጅ ከ«ጤዛ» ስንት ደቂቃ አይቷል? ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል!

የመምህራኑ አገር ምን ሠራ?

ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። በጃንሆይ ጊዜ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምሩ ሕንዶች ነበሩ። ብዙዎቹ የመጡት ኬረላ ከምትባል የደቡብ ሕንድ ክፍለ ሀገር ነው፤ ቋንቋቸው ማላያላም ይባላል። ኬረላ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት። ከኢትዮጵያ ሲነጻጸር ጓዳ ናት። የፊልም ታሪካቸውም ሲጀመር ከኛ የባሰ አሳፋሪ ነበር። ጄ.ሲ. ዳንኤል የተባለ ሰው ንብረቱን ሸጦ የመጀመሪያውን የማላያላም ፊልም «ቪጋታኩማራን»ን ሠራ። ተዋናይቱ ፒ.ኬ. ሮዚ ከተናቀ ወገን የመጣች ስለነበረች፣ የጌታ ሴት ሆና መተወኗ አበሳጭቷቸው ሰዎች አሳደዷት፤ አገሯን ጥላ ጠፋች። የፊልሙ ቅጂ ዛሬ የለም። ዳንኤልም ደኽይቶ ሞተ።

ግን ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ? አፈሩ! ኀፍረት ለሚያውቅ ሕዝብ መድኃኒት ነው። ወጣቶቻቸው በየከተማው የፊልም ማኅበር አቋቁመው የዓለምን ምርጥ ፊልም እየተሰበሰቡ ማየት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው «ቼሚን»፣ የዓሣ አጥማጆች ታሪክ፣ የሕንድ ፕሬዚዳንት የወርቅ ሜዳሊያ ከደቡብ ሕንድ የመጀመሪያው ሆኖ ወሰደ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 የፊልም ልማት ኮርፖሬሽን መሠረተ፤ እንደኛው አላፈረሰውም። በ1996 ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ጀመሩ፤ በ1998 የፊልም አካዳሚ አቋቋሙ። የክፍለ ሀገሩ ትልቁ የፊልም ሽልማትም በዚያው ደኽይቶ በሞተው በዳንኤል ስም ነው የሚሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ድሪሽያም» ደግሞ ጀግናው ማነው? የትንሽ ከተማ የኬብል ቴሌቪዥን ባለሱቅ፣ አራተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕውቀቱን ሁሉ ፊልም በማየት ያገኘ ሰው! ቻይናዎች ሳይቀሩ ገዝተው በቋንቋቸው ሠሩት። የኛው ልጅ በአማርኛ ትርጉም የሚያያቸው የደቡብ ሕንድ ፊልሞች ከሰማይ የወረዱ እንዳይመስሉት፤ ከኋላቸው እንዲህ ያለ ሥራ አለ።

ኬረላ ገነት ናት አላልኩም። በፊልም ሥራው ውስጥ በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን በደል የመረመረው የሔማ ኮሚቴ ሪፖርት ለመንግሥት ከቀረበ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው ለሕዝብ የወጣው፤ አገር አናውጧል። ቢሆንም ነውራቸውን የሚመረምር ኮሚቴ አላቸው። የኛ ተዋናይት ብትበደል ለማን ትጮኻለች?

«ጦርነት እያለ ፊልም?»

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው «አንተ ሰውዬ፣ ጎጃም በተኩስ መሐል ሆኖ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ስለ ሲኒማ ታወራለህ?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሴ ግን አዎ ነው። የወሎ ረሃብ ተደብቆ በነበረ ጊዜ ዓለም የነቃው በፊልም አይደለም? የጣሊያን ወረራ ሥዕል ዛሬ በማን እጅ ነው ያለው? ሮም ባለው የሉቼ ተቋም! እኛ ስንታረድ የቀረጸን ገዳያችን ነው። ዛሬም በጎጃም የሚሆነውን አብዛኛውን የሚቀርጸው የተሸበረ ሰው ስልክ ነው፤ የተቀረጸውም ቦታና ቀን ሳይጻፍበት ተቆርጦ ይለቀቃል፤ አንዱ ወገን የሌላውን ዓመት ቪዲዮ የዛሬ ነው ይላል፤ ሌላው እውነተኛውን ሐሰት ነው ብሎ ይክዳል። ፊልሙን ስም፣ ቀንና ባለቤት ሳያስይዝ ማየት የለመደ ሕዝብ፣ የራሱንም ሞት ስም፣ ቀንና ባለቤት ሳያስይዝ ይቀብራል። የነገው ዳኛ ማስረጃ ሲጠይቅ ምን እንሰጠዋለን? «ቲክቶክ ላይ አይቼው ነበር» እንለዋለን?

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው።

አንደኛ፣ መጽሐፍ ታትሞ ወደ ወመዘክር እንደሚገባ ሁሉ፣ የፊልሞቻችን እናት ቅጂ ይሰብሰብ፣ ይመዝገብ፣ ይታደስ፣ ለሕዝብም ይታይ። የፈረሰው ኮርፖሬሽን ፊልሞች የት እንዳሉ መንግሥት በአደባባይ ይናገር።

ሁለተኛ፣ አዋጅ 410 ከመሳቢያ ይውጣ። በሰው ፊልም የሚነግድ ለባለቤቱ ይክፈል። ገንዘብ የሌለበት ቁራጭም ቢሆን የፊልሙ ርዕስ፣ የአዘጋጁ ስምና ዓመቱ ይጻፍበት፤ ይህ እንኳ ሳንቲም አያስወጣም።

ሦስተኛ፣ የወረዳ አዳራሾች ከስብሰባ ተርፈው በወር አንድ ማታ ለአገር ፊልም ይከፈቱ። ከመግቢያው ገንዘብ ለሠሪው ድርሻው ይድረሰው።

አራተኛ፣ መንግሥት እጁን ከኢንተርኔቱ ማብሪያና ማጥፊያ ላይ ያንሳ! መስመር የሚቆርጥ መንግሥት ስለ ፊልም ዕድገት የማውራት አፍ የለውም።

አምስተኛ፣ እናንተ ፊልም ሠሪዎች፣ ከከተማው ሳሎንና ከሠርግ ቤት ቀልድ ውጡ። ገበሬውን መሳቂያ ማድረግ ይብቃችሁ። ዱላውን ያያችሁለት ሰው ልብም አለው።

እነዚህን ለማድረግ የውጭ ዕርዳታ አያስፈልግም፣ አማካሪ ፈረንጅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው «ይህ ልጅ የኔ ነው» የሚል አባት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ከይጁቤ ገበያ እስከ ቦሌ ካፌ ድረስ፣ በየስልኩ ላይ የሚሳቅበትና የሚለቀስበት ቁራጭ ሁሉ ያንኑ ጥያቄ እየጠየቀ ይዞራል፤ አባቴ ማነው?